እድሳት ሳይጀመር የተዘጋ ፋብሪካን ፎቶ ማንሳት፦ ከፈቃድ እስከ ርክክብ

ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ወደ ሙዚየም፣ ወደ ቢሮ ወይም ወደ መኖሪያ ቤት ሲለወጥ ግድግዳውና ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። የሚጠፋው በመሐል ያለው ነው፤ የማሽን መሠረት፣ ወለል ላይ የደረቀ የዘይት እድፍ፣ ሠራተኛ በእርሳስ ግድግዳ ላይ የጫረው የሂሳብ ቁጥር፣ ቀለም በቀለም ላይ የተደራረበበት የብረት በር። በለንደን የባንክሳይድ የኃይል ማመንጫ በ1981 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሞ በ2000 ቴት ሞደርን የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ግዙፉ የተርባይን አዳራሽ ቀርቷል፣ ተርባይኖቹ ግን የሉም። በኬፕ ታውን ወደብ ያለው የእህል ጎተራም በ2017 ሙዚየም የሆነው ተጣብቀው ከቆሙት 42 የኮንክሪት ቱቦዎች መሐል ተፈልፍሎ አዳራሽ ከወጣለት በኋላ ነው። ሁለቱም የሚደነቁ ሥራዎች ናቸው። ይሁንና ቱቦው ሙሉ ሳለ፣ ተርባይኑም በቦታው ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚቻለው ቀድሞ በተነሳ ፎቶ ብቻ ነው።

የፍርስራሽን ውበት ለማሳየት የሚነሳ ፎቶ ሞልቷል። እዚህ የምንፈልገው ግን ከእድሳቱ በኋላ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጥ ፎቶ ነው። ውበቱ ከመጣ ምርቃት ነው።

1. ፈቃዱንና ቀኑን ይያዙ

የተዘጋ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። ፈቃዱን ከባለንብረቱ በጽሑፍ ያግኙ፤ ቦታውን ኮንትራክተር ተረክቦት ከሆነ ከእሱም ጭምር። ወረቀቱ ላይ መግባት የሚችሉባቸው ቀናት፣ የተከለከሉ ክፍሎች፣ አብሮዎት የሚገባው ሰው፣ እንዲሁም ፎቶዎቹን ማን የትና እንዴት እንደሚጠቀምባቸው ይስፈር። የመጨረሻው ነጥብ በቃል ሲታለፍ በኋላ ጭቅጭቅ ይወልዳል። ድሮን ማብረር ካሰቡ የባለንብረቱ ይሁንታ ብቻውን አይበቃም፤ የአገሩን የአቪዬሽን ሕግ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የኮንትራክተሩን የሥራ መርሐ ግብር ይጠይቁ። ማወቅ ያለብዎት የእድሳቱን መጀመሪያ ሳይሆን የጽዳቱን መጀመሪያ ነው። ማሽንና ቁርጥራጭ ብረት የሚወጣው፣ አስቤስቶስ (ለሙቀት መከላከያ ይውል የነበረ፣ ብናኙ ጎጂ የሆነ ማዕድን) የሚነሳው፣ ልስን የሚፈነቀለው ከዋናው ግንባታ በፊት ስለሆነ «ሥራው ገና አልተጀመረም» ሲባል ሕንፃው ባዶውን ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ሁለት ዙር ይደራደሩ፤ አንዱ ምንም ሳይነካ፣ ሌላው ዕቃው ወጥቶ ወለሉና ግድግዳው ሲገለጥ። በሁለተኛው ዙር በማሽን ተሸፍነው የኖሩ ቦዮች፣ ጉድጓዶችና የተደፈኑ በሮች ብቅ ይላሉ።

2. ካሜራ ከመያዝዎ በፊት የሥራውን መንገድ ይወቁ

የወለል ፕላን ይፈልጉ። አርክቴክቱ ዘንድ አዲስ ልኬት ይኖራል፤ በባለንብረቱ መዝገብ ቤት ደግሞ የድሮው ንድፍ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እዚያ ሠርቶ ያለፈ ሰው ነው። አንድ የቀድሞ ባለሙያ በግማሽ ሰዓት የሚነግርዎትን ከንድፍ ላይ ለማውጣት ቀናት ይፈጃል። ጥያቄዎ ቀላል ይሁን፦ ጥሬ ዕቃው በየት ይገባ ነበር? ከዚያ ወዴት ይሄዳል? የት ይመዘናል? የተበላሸው የት ይጣላል? የተጠናቀቀው ምርት በየትኛው በር ይወጣል? ሠራተኛው ልብሱን የት ይቀይር ነበር?

መልሶቹን ፕላኑ ላይ በቀስት ያስምሩ። ይህ መስመር የፎቶዎ ጉዞ ነው። ፋብሪካ የተሠራው ለአንድ ሂደት ስለሆነ ክፍሎቹ ትርጉም የሚሰጡት ሂደቱን ተከትለው ሲታዩ ነው። ጥሬ ዕቃው በገባበት ገብተው ምርቱ በወጣበት ይውጡ። በዚህ ቅደም ተከተል የተነሳ ስብስብ ያለ ማብራሪያም ቢሆን ይነበባል፤ ያማረ ቦታ እየተመረጠ የተነሳው ግን የተዘበራረቀ የመጫወቻ ካርታ ነው የሚመስለው።

ፕላኑ ላይ ዓምዶቹንም ቁጥር ይስጡ። መሐንዲሶች እንደሚያደርጉት በአንድ አቅጣጫ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር ያድርጉ፦ ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1፣ ለ2። አርክቴክቱ የራሱ ቁጥር ካለው ያንኑ ይጠቀሙ፤ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር መፍጠር ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

3. ከጉዳት ይጠበቁ

ይህን ክፍል አይዝለሉት። ብቻዎን አይግቡ፤ ከውጭ ያለ አንድ ሰውም የምትወጡበትን ሰዓት ይወቅ። ሄልሜት፣ ምስማር የማያሳልፍ ሶል ያለው የደህንነት ጫማ፣ ጓንት፣ የራስ ላይ ባትሪና ሌላ መጠባበቂያ ባትሪ የግድ ነው።

ትልቁ አደጋ ከእግር ሥር ነው። ጣሪያ በሚያፈስበት ቦታ እንጨት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል፣ ኮንክሪቱም ውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ እያበጠ ይፈነቀላል። በእንጨት ወለል ላይ ወለሉን ከተሸከሙት አግዳሚዎች በላይ ይራመዱ፤ የምስማሮቹ ረድፍ አግዳሚው የት እንዳለ ይነግርዎታል። በተለይ የማሽን ጉድጓዶችን ይፍሩ። ውኃ ሞልቷቸው ከላይ አቧራና ዘይት ሲለብሳቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ ከደረቅ ወለል አይለዩም። በካሜራ መመልከቻ እያዩ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አይሂዱ፤ ቆም ብለው ዞረው ካዩ በኋላ ነው መንቀሳቀስ። ጣሪያ ላይም አይውጡ። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቆርቆሮና ብርሃን የሚያስገባው ፕላስቲክ ሲያረጁ የሰው ክብደት አይሸከሙም፤ አቧራ ሲለብሱ ደግሞ ከጠንካራው ክፍል አይለዩም።

አስቤስቶስ በድሮ ፋብሪካ ውስጥ ከጣሪያ ሌላ በቧንቧና በቦይለር ሽፋን፣ በወለል ንጣፍና በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ጀርባ ይገኛል። ብናኙ የሚያመጣው የሳንባ በሽታና ካንሰር ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው የሚገለጠው፤ ስለዚህ «ገብቼ ወጣሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ማስረጃ አይሆንም። ባለንብረቱ የአስቤስቶስ ቅኝት ሪፖርት ካለው ይጠይቁና የተለዩትን ክፍሎች ፕላንዎ ላይ ያቅልሙ። የሕክምና ማስክ እዚህ አይረባም፤ ኤፍኤፍፒ3 ደረጃ ያለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል። ሽፋኑ የተቀደደ ቧንቧ ያለበትን ክፍል ግን ማስክም ቢኖር ለባለሙያ ይተዉት። የርግብ ኩስ የተከመረበት ቦታም እንዲሁ ነው። ኩሱ ሳንባ የሚያጠቁ ፈንገሶችን ይይዛልና ለፎቶ ብለው አይጥረጉት።

ታንከር፣ ሲሎና ጥልቅ ምድር ቤት ውስጥ አይግቡ። ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በመቶ ሲወርድ አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል። የተዘጋ የብረት ታንከር ውስጥ ዝገቱ ራሱ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው ምንም ሽታ ሳይኖር ሰው ሊወድቅ ይችላል። ካሜራውን በረጅም ዘንግ በቀዳዳው አስገብቶ ማንሳት በቂ ነው። መብራት ተቋርጧል ሲባል ማን፣ የት እንዳቋረጠው ይጠይቁ፤ በአሮጌ ትራንስፎርመር አካባቢ የፈሰሰ ዘይትም በእጅ አይነካም፣ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

4. ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። ሌንስ መቀየር የሚችል ካሜራ፣ ጠንካራ ትራይፖድ፣ ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚሸፍን ሌንስ፣ ተጨማሪ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ፣ ግራጫ የቀለም ካርድ፣ ሜትር፣ ትንሽ ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፕላኑና እርሳስ። እስክሪብቶ ጫፉ ወደላይ ሲሆን፣ ወረቀቱም ሲረጥብ አይጽፍም። ባለ 16 ሚሊሜትር ሌንስ ያላቸው ሰዎች እሱኑ ከካሜራው አይነቅሉትም፤ እኔ ግን ለጠባብ ክፍል ብቻ እንዲወጣ እመክራለሁ። አዳራሹን ከእውነቱ በላይ ያስረዝመዋል፣ ጫፍ ላይ ያለውንም ዕቃ ይለጥጠዋል። ፎቶው ነገ ለመለኪያ ሊያገለግል ስለሚችል ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ ካሜራውን ሳያወጡ በስልክ ብቻ ሙሉውን መንገድ ይዙሩ። የትኛው መስኮት በየትኛው ሰዓት ፀሐይ እንደሚገባበት፣ የቱ ክፍል እንደማይደፈር፣ የት የት መብራት እንደሚያስፈልግ በዚሁ ዙር ይለያል።

5. ከውጭ ይጀምሩ

ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንትና ሂላ ቤኸር ከ1959 ጀምረው ለአሥርተ ዓመታት የውኃ ማማዎችን፣ የማዕድን ማውጫ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችን አንስተዋል። ዘዴያቸው ደረቅ ይመስላል፦ ደመናማ ሰማይ፣ ፊት ለፊት፣ ከመሬት ከፍ ካለ ቦታ፣ ያለ ምንም ድራማ። ለዚህ ሥራ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ደመና ሲኖር ጥላ አይወድቅም፤ የጡቡ አደራደር፣ የተደፈነው መስኮት፣ ኋላ የተቀጠለው ግድግዳ ሁሉ እኩል ይታያል።

የሕንፃውን እያንዳንዱን ገጽ ፊት ለፊት፣ እያንዳንዱን ማዕዘን በሰያፍ ያንሱ። ከዚያ ጢስ ማውጫውን፣ የመጫኛና የማራገፊያ መድረኩን፣ የባቡር ሐዲድ ካለ ወደ ግቢው የሚገባበትን፣ ዋናውን በርና የጥበቃ ቤቱን። ግቢው ከአካባቢው ጋር እንዴት እንደተያያዘ የሚያሳይ አንድ ሰፊ ፎቶም አይርሱ። ከደመናው ሕግ የሚወጣው የደበዘዘ የግድግዳ ላይ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ተቀርጾ ወይም ወጣ ብሎ የተሠራ ከሆነ ፀሐይ በጎን ስታርፍበት ነው የሚነበበው።

6. አዳራሾቹን በሙሉ ስፋታቸው ይያዙ

በየአዳራሹ ቢያንስ ከአራቱም ማዕዘን፣ እንዲሁም በመሐል መስመር ከሁለቱም ጫፍ ያንሱ። በመጨረሻ ሌንሱን ወደ ጣሪያው፣ ቀጥሎም ወደ ወለሉ ያዙሩ። ጣሪያ ይረሳል፤ የክሬኑ ሐዲድ፣ የማስተላለፊያ ዘንጉ ማንጠልጠያና የጢስ መውጫው ቀዳዳ ያሉት ግን እዚያ ነው።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ በውኃ ልክ ቀጥ ይበል። ሌንሱን ሽቅብ ካዘነበሉት ዓምዶቹ ወደ ውስጥ የሚወድቁ ይመስላሉ። ጣሪያው ካልገባልዎ ወደ ኋላ ይራቁ ወይም ትራይፖዱን ከፍ ያድርጉ፤ ሌንሱ ወደላይ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል፣ የሹተሩ ፍጥነት የሚፈልገውን ያህል ይዘግይ። ኤፍ 16ን ማለፍ ጥራቱን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በባለ ሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ ያንሱ፣ ትራይፖድ ላይ ሳለም የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ ያጥፉ። በብረት መረማመጃ ላይ የቆማችሁ ከሆነ ሹተሩ ክፍት ሳለ ማንም አይንቀሳቀስ፤ አንድ እርምጃ ሙሉውን ድልድይ ያርገበግበዋል።

ጨለማ አዳራሽና ደማቅ መስኮት በአንድ ፎቶ አይታረቁም። ካሜራው ሳይነካ በሁለት ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) የሚለያዩ ከሦስት እስከ አምስት ፎቶዎች አንስተው ኋላ ያዋህዷቸው። ሲያዋህዱ ግን እጅዎን ይቆጥቡ። ግድግዳው እንደ ፋኖስ እስኪያበራ የተጋነነ ፎቶ ለዓይን ቢያብረቀርቅም ዝገቱን ከዘይት፣ እርጥበቱን ከጥላሸት መለየት አያስችልም፤ መሐንዲሱም ሆነ የታሪክ አጥኚው የሚፈልገው ያንን ልዩነት ነው። ሁሉንም በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሱ፣ በየክፍሉም የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራጫ ካርዱን ያስገቡ። በአረንጓዴ የጣሪያ ፕላስቲክ ሥር የገባ ብርሃን ሁሉን አረንጓዴ ያደርጋል፤ ካርዱ ከሌለ የግድግዳውን ትክክለኛ ቀለም ኋላ ማንም አያውቀውም።

ሰዓቱን ለማብቃቃት የጣሪያውን ቅርጽ ይዩ። በብዙ ሽመና ፋብሪካዎች እንዳለው የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ጣሪያ ከሆነ መስታወቱ የተተከለው ፀሐይ በቀጥታ እንዳትገባ ተብሎ ነው፦ ከምድር ወገብ ሰሜን ባሉ አገሮች ወደ ሰሜን፣ በደቡብ ባሉት ወደ ደቡብ ይዞራል። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ እኩል ብርሃን እንዲያገኝ የታሰበው ዘዴ ለእርስዎም ይሠራል። እንዲህ ያለውን አዳራሽ ለቀትር ይተዉትና ጠዋቱን በምሥራቅ መስኮት ላላቸው ክፍሎች ይስጡ።

መስኮት የሌለው ክፍል ሲገጥም ሹተሩን 30 ሴኮንድ ያህል ከፍተው ከካሜራው ጎን ሆነው የእጅ ባትሪውን ሳያቋርጡ ግድግዳው ላይ ያንሸራሽሩ። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ከካሜራው ላይ የሚነሳ ፍላሽ ግን አቧራውን አብርቶ በረዶ ያስመስለዋል።

7. የሥራውን አሻራ ይፈልጉ

ጊዜዎ ካጠረ ከሌላው ቀንሰው እዚህ ያውሉት። ወለሉ ላይ በአራት ማዕዘን የቆሙ የተቆረጡ ብሎኖች እዚያ ማሽን እንደነበረ፣ ስፋቱንም ጭምር ይናገራሉ። ከማሽኑ ፊት ኮንክሪቱ ተልጎ ከሆነ ሠራተኛው የሚቆመው በዚያ በኩል ነበር። የዘይት እድፍ፣ በገመድ ፍትጊያ የተቦረቦረ የድንጋይ ጠርዝ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ ደረጃ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ በአምስት በአምስት የተጫረ ሰረዝ፣ ከሥሩ የድሮ ጽሑፍ የሚታይ ማስጠንቀቂያ፣ የልብስ ሳጥን በር ውስጥ የተለጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ፤ ጽዳቱ ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን የሚሄዱት እነዚህ ናቸው።

እያንዳንዱን በሦስት ደረጃ ያንሱ፦ ከሩቅ በክፍሉ ውስጥ ያለበትን ቦታ፣ ከመካከለኛ ርቀት ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ከቅርብ ራሱን። የቅርቡ ሁለት ጊዜ ይነሳ፤ አንዱ ማስመሪያ ከጎኑ ተደርጎ፣ ሌላው ያለ ማስመሪያ። ያለ ሩቁ ፎቶ የቅርቡ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ቆንጆ የዝገት ፎቶዎች በብዛት ዋጋ የሚያጡት በዚህ ነው።

የማሽን መለያ ሰሌዳ ካገኙ አምራቹን፣ ዓመቱን፣ ተከታታይ ቁጥሩንና አቅሙን ይይዛልና አይለፉት። ፊደሉ ካልታየ ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርገው ሰሌዳውን ታክኮ እንዲያልፍ ያብሩት። በጠመኔ መቀባት ወይም በብረት ብሩሽ መፈተግ የለም።

ምንም ነገር ከቦታው አያንቀሳቅሱ። አንድ አሮጌ ጫማ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ተወስዶ ሲነሳ ፎቶው ያምር ይሆናል፤ ግን ውሸት ነው፣ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚገባውንም ያሳስታል። የሠራተኞች ስም ዝርዝር፣ የሕክምና ካርድ ወይም የደመወዝ መዝገብ ወድቆ ካገኙ ያለበትን ቦታ አንስተው ለባለንብረቱ ያስታውቁ። ይዘቱ የሰዎች ገመና ስለሆነ ለሕዝብ አይለቀቅም።

8. እዚያው እያሉ ይመዝግቡ

ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ ማለት ራስን መሸንገል ነው፤ ከአሥረኛው ክፍል በኋላ ዓምድ ሁሉ አንድ ይሆናል። በየፎቶው ቁጥሩን፣ ክፍሉን፣ የቆሙበትን ዓምድና ያዩበትን አቅጣጫ ይጻፉ፤ ፕላኑ ላይ ደግሞ ነጥብና ቀስት። በተጨማሪ ከእድሳቱ በኋላ ተመልሰው የሚያነሱባቸውን ጥቂት ነጥቦች ይምረጡ። ለእነዚህ የካሜራውን ከፍታ (1.5 ሜትር ጥሩ ነው)፣ የሌንሱን ርዝመትና ከሁለት ዓምዶች ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ያስፍሩ፤ ለምሳሌ «ከለ3 2.4 ሜትር፣ ከለ4 3.1 ሜትር»። ወለል ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ አይጠቅምም፤ ወለሉ ይነሳል፣ ዓምዱ ግን ይቀራል።

9. ያስቀምጡና ያስረክቡ

በዚያው ምሽት ፋይሎቹን ይገልብጡ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤትዎ ውጭ። የመጀመሪያው ሮው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ ክፍሉን፣ ዓምዱንና ተራ ቁጥሩን ይያዝ፤ መግለጫውም በተለየ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከፋይሉ ጋር በተያያዘው የመረጃ ክፍል ውስጥ ይግባ፤ ወረቀትና ፎቶ ይለያያሉና። ብርሃንና ቀለም ማስተካከል ይቻላል፤ የተንጠለጠለ ሽቦ ወይም የቆሻሻ ክምር ማጥፋት አይቻልም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን በቲፍ፣ ለዕለት መመልከቻ የሚሆነውን በጄፔግ ያዘጋጁ። በአሜሪካ ከ1969 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ቅርሶችን የሚሰንደው የመንግሥት ፕሮግራም ለአሥርተ ዓመታት በትልልቅ የጥቁርና ነጭ ፊልም ሲያነሳ የኖረው ፊልም ያለ ኮምፒውተርና ያለ ሶፍትዌር በዓይን ስለሚታይ ነው። ያን ያህል መሄድ ባይቻል እንኳ ዋና ዋናዎቹን በወረቀት አትሞ መተው ጥሩ ነው።

አንድ ሙሉ ቅጂ ለባለንብረቱ፣ አንድ ለአርክቴክቱ፣ አንድ ደግሞ ለአካባቢው ቤተ መዛግብት ወይም ሙዚየም ይስጡ፤ ፕላኑና መዝገቡም አብረው ይሂዱ። የሁለተኛውን ዙር ቀን ከኮንትራክተሩ ጋር የሚቆርጡት በዚሁ ርክክብ ላይ ነው። ልስኑ ከተፈነቀለ በኋላና አዲሱ ወለል ከመፍሰሱ በፊት ያለው ክፍተት አጭር ስለሆነ ስልክ ቁጥርዎን ለቢሮው ብቻ ሳይሆን በቦታው ለሚውለው ፎርማንም ይስጡት።